የኮምፒውተርን የማስነሻ ቅደም ተከተል ከባዮስ ውስጥ መቀየር

ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም አስቀድሞ ይነሣና ሚሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዲስኮቹን ይፈትሻል፤ ከዚያም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን ከየትኛው ዕቃ ላይ እንደሚያስነሣ ለመወሰን አንድ ዝርዝር ይመለከታል። ይህ ዝርዝር ቡት ኦርደር ወይም የማስነሻ ቅደም ተከተል ይባላል። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እየሞከረ ይወርዳል፤ የሚነሣ ሲስተም ሲያገኝ እዚያው ይቆማል፣ ከሥር የቀሩትን አይነካም። ፕሮግራሙን ሁላችንም ባዮስ እያልን እንጠራዋለን፤ የዛሬዎቹ ማሽኖች የያዙት ግን ተተኪውን ዩኢኤፍአይን ነው። እኔም ልማዱን ተከትዬ ባዮስ እላለሁ፤ ልዩነቱ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ እለያቸዋለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት ግን መቀየሩ በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ዊንዶውስን በፍላሽ እንደ አዲስ ለመጫን ወይም ሊኑክስን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን ጨርሶ መንካት የለበትም፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው የቡት ሜኑ ይበቃዋል። ማሽኑ እንደተከፈተ በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ሲጫኑ የሚነሡበትን ዕቃ የሚያስመርጥ አጭር ዝርዝር ይመጣል፤ በብዙዎቹ የአሱስ ላፕቶፖች ደግሞ ኢስኬፕ ነው። በኤሰር ላይም ኤፍ 12 ይሠራል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ባዮስ ውስጥ መፈቀድ ሊኖርበት ይችላል። የተመረጠው ለዚያች መነሻ ብቻ ያገለግልና በሚቀጥለው ጊዜ ማሽኑ ወደ ቀድሞው ልማዱ ይመለሳል። በቋሚነት መቀየር ተገቢ የሚሆነው አዲስ ኤስኤስዲ ተጨምሮ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ለፋይል ማስቀመጫነት ሲቀር፣ ሁለት ሲስተሞች ተጭነው አንዱ ሁልጊዜ እንዲቀድም ሲፈለግ፣ ወይም ደግሞ ዝርዝሩ ተዛብቶ ማሽኑ ዲስኩን ማግኘት ሲያቅተው ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። የዲስኩ ይዘት የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ የባዮስ ቅንብር ሲለወጥ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ ሰዎች ቢትሎከር እንዳላቸው እንኳ አያውቁም፤ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ባለቤቱ ሳያዝ ዲስኩን ሊቆልፉት ይችላሉ። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል፤ አስቀድሞ ወረቀት ላይ ገልብጦ መያዝ፣ ወይም ቢትሎከሩን ለጊዜው ከዊንዶውስ ውስጥ ማቆም ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

ወደ ባዮስ የሚያስገባው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል። በዴል፣ በኤሰርና በአሱስ ላፕቶፖች ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በአብዛኞቹ የተገጣጠሙ ዴስክቶፖች ደግሞ ዲሊት ነው። ቁልፉ ማብሪያው እንደተጫነ ወዲያውኑ ደጋግሞ መነካት አለበት፤ የአምራቹ አርማ ከጠፋ በኋላ ዕድሉ አልፏል። የላይኛው ረድፍ ቁልፎች ለድምፅና ለብርሃን በተሰጡባቸው ላፕቶፖች ላይ ኤፍኤንን አብሮ መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል።

ቁልፉን በትክክል እየተጫኑም ዊንዶውስ እየቀደመ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የዊንዶውስ ፈጣን መነሻ ነው፤ «ሸት ዳውን» ሲባል ማሽኑ ከፊል ሥራውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚተኛ ሲበራ ቶሎ ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ሺፍትን እንደያዙ «ሪስታርት» የሚለውን ይጫኑ፤ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያም «ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ» የሚለውን ይምረጡ። ማሽኑ ተነሥቶ በቀጥታ ባዮስ ውስጥ ያስገባዎታል፣ የጣት ፍጥነትም አይጠይቅም። ይህ ምርጫ ገጹ ላይ ከሌለ ዊንዶውሱ በአሮጌው በሌጋሲ ዘዴ የተጫነ ነው ማለት ይቻላል።

ባዮሱ ውስጥ ምን እንደሚታይ ለማሳየት ለቢሮ ሥራ በስፋት የተሸጠውን የዴል ላቲቲዩድ ላፕቶፕ እንውሰድ፤ የምገልጸው አዲሱ ገጽታ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ሞዴሎች ላይ ያለውን ነው። በግራ በኩል የርዕሶች ዝርዝር አለ። «ጀነራል» የሚለው ሲከፈት ከሥሩ «ቡት ሲኩዌንስ» ይገኛል። እሱን ሲጫኑ በስተቀኝ እያንዳንዱ የማስነሻ ዕቃ ከፊቱ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ይዞ ይደረደራል። ሊያስቀድሙት የፈለጉትን በማውዝ መርጠው በጎን ባለው ወደ ላይ በሚያመለክት ቀስት እየገፉ አናት ላይ ያድርሱት። ከሳጥኑ ምልክቱን ማንሣት ዕቃውን ከዝርዝሩ አያጠፋውም፤ እንዳይሞከር ብቻ ያደርገዋል። ከዝርዝሩ ሥር «ሌጋሲ» እና «ዩኢኤፍአይ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ እነዚህን አይንኩ። በመጨረሻ «አፕላይ»፣ ቀጥሎም «ኤግዚት» ይበሉ፤ «አፕላይ» ካልተጫነ የለወጡት ላይቀመጥ ይችላል።

በቲንክፓድ «ስታርትአፕ»፣ ከዚያ «ቡት» የሚለውን ከፍተው በመደመርና በመቀነስ ምልክቶች ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፤ ሲጨርሱ ኤፍ 10 ተጭነው ያስቀምጡ። በኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖች ዝርዝሩ «ቡት ኦፕሽንስ» በሚለው ውስጥ ነው፤ ይህም በአሮጌዎቹ ሞዴሎች «ሲስተም ኮንፊገሬሽን»፣ በአዲሶቹ «አድቫንስድ» ሥር ይገኛል። ሌሎቹም በስም እንጂ በአሠራር ብዙ አይርቁም።

ዝርዝሩ ውስጥ ከዲስኩ ስም ይልቅ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚል ቢያገኙ አይደናገሩ። በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ የሚመዘገበው ዲስኩ ብቻ ሳይሆን በዲስኩ ላይ ያለው አስነሺ ፕሮግራም ነው፤ ምዝገባውም የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ከሌላ ኮምፒውተር ተነቅሎ የመጣ ዲስክ አንዳንድ ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ የማይታየውም ለዚህ ነው፤ ዲስኩ ደህና ሆኖ አዲሱ ማዘርቦርድ ስለ አስነሺው ምንም መዝገብ የለውም።

ፍላሽ የማይታይ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ፍላሹ ኮምፒውተሩ ከመብራቱ በፊት የተሰካ፣ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ የገባ መሆን አለበት። የዊንዶውስ ፋይል እንደ ዘፈን ወይም እንደ ሰነድ ኮፒ ተደርጎበት ከሆነም አይነሣም፤ እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም መጻፍ ይኖርበታል። ሲጻፍም ከማሽኑ ጋር የሚስማማ የዲስክ አከፋፈል ዘዴ መመረጥ አለበት፤ ለዩኢኤፍአይ ጂፒቲ፣ ለአሮጌው ባዮስ ኤምቢአር። ሁሉም ተሟልቶ ፍላሹ በዝርዝሩ ታይቶ «ሴኪዩር ቡት» (ያልታመነ አስነሺ ፕሮግራም እንዳይነሣ የሚያግደው መከላከያ) የሚከለክለው ከሆነ ለጊዜው ማጥፋት ይቻላል፤ ሥራው ሲያልቅ ግን መልሰው ያብሩት። ፍላሹ ስላልነሣ ብቻ ማሽኑን ወደ ሌጋሲ መለወጥ የተለመደ አቋራጭ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ በዩኢኤፍአይ የተጫነው ዊንዶውስ በሌጋሲ አይነሣም፣ ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚጠይቀው ዩኢኤፍአይን ነው።

እዚያው እያሉ ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበትን ዘዴ የሚወስነውን «ሳታ ኦፕሬሽን» ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ቅንብር እንዳይነኩ አጥብቄ አሳስባለሁ። «ሬይድ» የነበረውን «ኤኤችሲአይ» ማድረግ ከማስነሻ ቅደም ተከተል ጋር አይገናኝም፤ ያለ ዝግጅት ከተለወጠ ግን ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ አልነሣም ሊል ይችላል። በስሕተት ከተነካ ወደ ነበረበት መመለስ ይበቃል።

ፍላሹን በቋሚነት አንደኛ ያደረገ ሰው የሚገጥመው አንድ ግርታ አለ። ዊንዶውስ ተጭኖ በመካከል ራሱን ሪስታርት ሲያደርግ፣ ማሽኑ እንደታዘዘው እንደገና ከፍላሹ ይነሣና ጭነቱ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል። ሥራው የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም፤ ማሽኑን ያጥፉ፣ ፍላሹን ይንቀሉ፣ መልሰው ያብሩ፤ ከቆመበት ይቀጥላል። በጥቁር ገጽ ላይ «ፒኤክስኢ» (በኔትወርክ በኩል የመነሣት ዘዴ) የሚል ጽሑፍ መጥቶ የኔትወርክ ገመድ ይፈተሽ ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ኔትወርክ ከዲስኩ ቀድሟል፣ ወይም ዲስኩ ሳይገኝ ቀርቶ ማሽኑ በኔትወርክ በኩል እየሞከረ ነው። ባዮሱ ውስጥ ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ ችግሩ ከቅደም ተከተሉ ሳይሆን ከዲስኩ ወይም ከአሰካኩ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ፊት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ይሞክር። የቀድሞው ባለቤት ድርጅት የይለፍ ቃል አድርጎበት ከሆነ ቅደም ተከተሉን መቀየር አይቻልም፤ በብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ይህ የይለፍ ቃል ባትሪ በመንቀል አይጠፋም።

በዴስክቶፕ ላይ ያስተካከሉት ቅደም ተከተል መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ቀድሞው የሚመለስ፣ ሰዓትና ቀኑም አብሮ የሚዛባ ከሆነ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች። ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፤ አሮጌዋን አውጥተው አዲሷን የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ ሆኖ ይክተቱ፤ ከዚያ ወደ ባዮስ ገብተው አስቀድመው ቀኑን፣ ቀጥለው ቅደም ተከተሉን እንደገና አስተካክለው ያስቀምጡ።