ባልና ሚስት ሆናችሁ በአረጋውያን ማእከል ለመኖር

ሁለታችሁ አብራችሁ ወደ አረጋውያን ማእከል ልትገቡ ነው? ወይስ ገብታችሁ ገና አልለመዳችሁትም? እኔ በእንዲህ ያለ ቦታ ተንከባካቢ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ሁሌ ያሳዝነኛል። ዕድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩ ሰዎች ይገባሉ፤ ወራት ሳይቆጠሩ አንዱ አስታማሚ ሌላው በሽተኛ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ባልና ሚስትነቱ ይረሳል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ ይቻላል፤ ግን ገና ሳትገቡ መጀመር አለባችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ "ከሁለታችን አንዳችን የበለጠ እንክብካቤ ቢያስፈልገው ምን ይደረጋል?" በብዙ ማእከሎች ራሱን የሚችል፣ ትንሽ እገዛ የሚፈልግና ሙሉ ቀን ነርስ የሚያስፈልገው ሰው የሚኖሩት በተለያየ ቦታ ነው። ባለትዳር መሆን ብቻውን አንድ ክፍል አያሰጥም። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ውክልናም ሁለታችሁም አእምሯችሁ ሙሉ ሳለ ጨርሱት፤ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ስትገቡ ደግሞ ሥራውን አስረክቡ። ቤታችሁ ሳላችሁ ማጠቡ፣ ማልበሱ፣ ኪኒን ማስታወሱ፣ ሌሊት ሽንት ቤት ማድረሱ በአንዳችሁ ጫንቃ ላይ ነበር። "እኔ እያለሁ ሌላ ሰው አይነካውም" የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ አባቶችም እንደዚያው። ፍቅር መሆኑ ይገባኛል። ግን የሰማንያ ዓመት ጀርባ ሰው አያነሳም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ተካፈሉት። ገላ ማጠቡንና ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወሩን ለሠራተኞቹ ስጡ። ፀጉር ማበጠሩን፣ እጅ ላይ ቅባት መቀባቱን፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፉን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ እነዚህ የሚያቀራርቡ ናቸው። የተስማማችሁበትን ለነርሷ ንገሯትና በእንክብካቤ እቅዱ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ተረኛ በተቀየረ ቁጥር እንደ አዲስ ማስረዳት ነው።

ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ አትቸኩሉ። በእርጅና ጊዜ ድንገት ሲቆሙ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ራስ ይዞራል፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀመጡ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቁሙ። ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን፤ ነጠላ ጫማው ይቅር። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሌሊቱን የሚበራ ትንሽ መብራት ይኑር። ውሃም አትርሱ። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሐኪም ፈሳሽ እንድትቀንሱ ካላዘዘ ሳይጠማችሁም ጎንጨት በሉ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። እኔ ካየሁት የጥንዶች ጭቅጭቅ ብዙው የሚነሳው ከጆሮ ነው። ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። ስለዚህ ባልየው ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም፤ ሚስት "ሆን ብሎ ነው የሚዘጋኝ" ትላለች፣ ሆዷ ይብሳታል፣ ከዚያ ትጮሃለች፣ እሱ ደግሞ ተቆጣችኝ ብሎ ፊቱን ያዞራል። መጮህ አያግዝም። ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። ጆሮውንም ሐኪም ይየው፤ አንዳንዴ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። መስሚያ መሣሪያ ከታዘዘለት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚረብሸው አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል፤ በቀን ትንሽ ትንሽ እያለ እንዲለምደው አበረታቱት።

ደግሞ ተለያዩ! ሌት ተቀን አንድ ክፍል ውስጥ መፋጠጥ ማንንም ያሰለቻል። እሷ ወደ ንባቡ፣ እሱ ወደ አትክልቱ ይሂድ። ማታ የሚጫወቱት ወሬ የሚገኘው በዚህ ነው። አብራችሁ የምትሄዱበት አንድ ነገር ግን የሰውነት እንቅስቃሴው ይሁን። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። ያን ያህል ካልተቻለ የተቻለው ይሠራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም ቢሆን።

አልጋችሁ አንድ ላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጠይቁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሠራተኛው አንኳኩቶ፣ "ግቡ" እስክትሉት ጠብቆ እንዲገባም ንገሩት። ቤታችሁ ነው።

ከሁለት አንዳችሁ የመርሳት በሽታ ከያዘው ከባዱ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ማምሻው ነው። አንድ አባት ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ "ሚስቴ የት ሄደች?" ይሉ ነበር። "እኔ ነኝ" ስትላቸው ይቆጣሉ። በኋላ መከራከሩን ተወችና "እንዴት ያለች ሴት ናት? እስቲ ያጫውቱኝ" ማለት ጀመረች፤ እሳቸው ስለ እሷ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። አታርሙ፣ አትፈትኑ፤ ከስሜቱ ጋር ሂዱ። አንድ ነገር ግን በጣም አደራ፦ ትናንት ደህና የነበረ ሰው ዛሬ ድንገት ቢቀባዥር ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው እርጅና ነው ብላችሁ አትተዉት። ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ሳይውል ሳያድር፣ እዚያው ነርሷን ጥሩ። ለውጡን ቀድሞ የሚያየው አብሮ የኖረ ሰው ነውና "ይህ የእሱ ጠባይ አይደለም" ስትሉ ዝም አትባሉ፤ ዝም ካሏችሁ ድገሙት።

አንዳችሁ ወደ ሌላ ሕንፃ ከተዛወራችሁ በየቀኑ አንድ ቋሚ ሰዓት ያዙ፤ ሠራተኞቹም "ከቁርስ በኋላ ትመጣለች" ብለው እንዲነግሩት አድርጉ። ወሬ ባይኖር ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ እጁን ይዛችሁ ተቀመጡ። መለያየቱ ከከበደው ምግቡ በሚቀርብበት ሰዓት ተነሱ። ሳህኑ ፊቱ ሲቀመጥ፣ ተንከባካቢዋ ስታጫውተው፣ "ነገ ከቁርስ በኋላ እመጣለሁ" ብላችሁ ግንባሩን ስማችሁ ውጡ።