«ቆንጆ ነበረች» ብላችሁ አትጀምሩ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ረቂቁን ይዞልኝ መጣ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ትጉ ልጅ ነው፤ ወራት ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ ከርሟል። ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተቀመጥን። ውጭ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ወረቀቱን ገለጥኩ። መጀመሪያው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዓይነ ኩሏ፣ ጸጉረ ዞማዋ የወሎ ቆንጆ ነበረች።»

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

ዝም አለ። መዝገቡ ውስጥ የለም።

ሥራዬ በወንጀል ተከሰው ስለነበሩ የወሎ ሴቶች መጻፍ ነው። ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደሴም ኮምቦልቻም በመዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ፣ ከዚያም በየሰፈሩ ሽማግሌና ባልቴት ስጠይቅ ኖሬአለሁ። አሁን ወጣቶች ወደዚህ ሥራ እየመጡ ነው። ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን ያንኑ ስህተት ደግሜ ደጋግሜ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

ቁንጅናውን ተዉት

እኛ ጋ ይህ ነገር የሚብስበት ምክንያት አለው። አምባሰልን፣ ባቲን፣ ትዝታን፣ አንቺ ሆዬን እየሰማን ነው ያደግነው። ወሎ ሲባል ዘፋኙም፣ ሾፌሩም፣ እንግዳውም መጀመሪያ የሚያነሳው የሴቱን መልክ ነው። ስለዚህ ብዕር ስናነሳ እጃችን ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። ዘፈን ውስጥ ይሁን። የክስ ታሪክ ውስጥ ሲገባ ግን ቁንጅናዋ ማስረጃ ይሆንባታል። አንባቢው «ቆንጆ ነበረች» የሚለውን አንብቦ «ባሏ ሞቶ ተገኘ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፍርዱን ጨርሷል። ሌላ ሰው ነበራት ማለት ነው። አታልላዋለች ማለት ነው። ምስክር ሳይሰማ፣ ዓቃቤ ሕግ አፉን ሳይከፍት፣ እናንተ ፈረዳችሁባት።

ወንድ ሲገድል እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። «ትከሻው ሰፊ፣ ጥርሱ በረዶ» ብሎ የሚጀምር የነፍሰ ገዳይ ታሪክ ካለ አምጡልኝ። ወንዱ ጋ ስንደርስ የምንጠይቀው ሌላ ነው። የመሬት ጠብ ነበር? ደም ነበረባቸው? ዕዳ ነበረበት? ጠጥቶ ነበር? ለእሷም ይህንኑ ጠይቁ። መሬቱ በማን ስም ነበር? ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱን ቀበረች? ባሏ ይመታት ነበር? በስንት ዓመቷ ተዳረች? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በየገጠሩ ደግሞ ከዚያም በታች ትዳር ነበር። ይህ ሁሉ ታሪክ እያለ ዓይንና ጸጉር ምን ያደርግላችኋል?

መልኳን ትታችሁ ሥራዋን ፈልጉ። እዚህ ላይ ደግሞ መዝገቡ ራሱ ያሳስታችኋል። የተከሳሽ ዝርዝር ላይ «ሥራ፦ የላትም» ይላል። ገጹን ገለጥ አድርጋችሁ የምስክሮቹን ቃል አንብቡ። አንዱ ከሰኞ ገበያ እንጀራ ሸጣ ስትመለስ አይቷታል። ሌላው ከጦሳ ተራራ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ መንገድ ላይ አግኝቷታል። ሦስተኛው እሷ ቤት ጠላ ሲጠጣ ነበር። ሥራ የላትም የተባለችው እሷ ናት። ይህን አደራ።

«አብልታ ገደለችው»

በየሰፈሩ የሚነገረው ታሪክ መጨረሻው መድኃኒት ነው። ሰውየው በድንገት ከሞተ ሚስቱ አብልታዋለች። ጠንቋይ ጋ ሄዳለች፣ መስተፋቅር አሠርታለች። ሐሜቱን አትጣሉት፤ ሐሜትም የታሪኩ አካል ነው። ግን ሐሜት ብላችሁ ጻፉት። ቀጥሎ የአስከሬን ምርመራ ውጤት መዝገቡ ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ፣ ሰውየው በወባ ይሁን በጉበት በሽታ ማን ያውቃል?

አንድ ጊዜ ሦስት አዛውንቶች ስለ አንዲት ሴት አወሩልኝ። አንደኛው መርዙን በጠላ ሰጠችው አሉ። ሁለተኛው በቡና። ሦስተኛው በቅንጬ። ሦስቱም አጠገቧ የነበሩ ያህል ነው የሚናገሩት። መዝገቡን ስንት ወር ፈልጌ አገኘሁት። ክሱ በድንበር ጠብ የደረሰ ድብደባ ነበር። መርዝ የሚል ቃል ከዳር እስከ ዳር የለበትም። ሟች የተባለው ሰው ደግሞ ሆስፒታል ተኝቶ ድኗል።

የተጻፈው ቃል የማን ነው?

«ከላይ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት ድርጊቱን መፈጸሜን አምናለሁ» እያለች የምታወራ የገጠር ሴት አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ይህ የመርማሪው አማርኛ ነው። እሷ ያለችው ሌላ ነው፤ እሱ የጻፈው ሌላ ነው። በዚያ ላይ ያለነው ወሎ ነው። ከከሚሴ በኩል የመጣችው አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። ከባቲ ወደ ቆላው የወረዳችሁ እንደሆነ አፋርኛ ነው። አርጎብኛም አለ።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። አንድ ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። የተከሳሿን ቃል በትምህርተ ጥቅስ አስገብቼ፣ «እንዴት ጥርት አድርጋ ትናገራለች!» እያልኩ አደነቅኋት። ጽሑፉን ከጨረስኩ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ ግርጌ አየሁ። «በአስተርጓሚ ተነቦላት» ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ያደነቅሁት አማርኛ የእሷ አልነበረም። ያን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ የፖሊስ ጣቢያ ቃልን በጥቅስ አላስገባም። «መርማሪው እንደመዘገበው» እላለሁ።

ሁለት ነገር ደግሞ አስተያዩ። ጣቢያ የሰጠችውን ቃልና ችሎት ፊት የሰጠችውን የእምነት ክህደት ቃል ጎን ለጎን አድርጓቸው። ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ያ ልዩነት የት እንዳደረች፣ ማን እንዳናገራት፣ ምን እንደፈራች ይጠቁማችኋል። ከወንጀል መዝገቡ ውጭም ውጡ። እኛ ጋ ሙስሊሞች ብዙ ስለሆኑ የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወንጀል አያይም፤ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን ነው የሚያየው። ግን ባሏን በመግደል የተከሰሰች ሴት ከሁለት ዓመት በፊት እዚያ ቆማ ፍቱኝ ብላ ለምና ከነበረ፣ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል። በሽምግልና ያለቀ ነገርም አለ። አበጋሮቹ፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ አስታርቀውት ከሆነ ወረቀት አታገኙም፤ ሰው ነው የምትጠይቁት።

በዛሬ ሕግ የትናንቱን አትዳኙ

መጀመሪያ ዓመቱን እዩ። ከዚያ በዚያ ዓመት የሚሠራውን ሕግ አውጡ። በ1923 የወጣ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አለ። ከዚያ የ1949ኙ መጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም እንዲሁ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ነው። በመካከል ያለ መዝገብ ከያዛችሁ የትኛው ሕግ እንደተጠቀሰ ክሱ ላይ አንብቡ።

ለምን እንደምጨነቅበት ልንገራችሁ። ጠለፋን ውሰዱ። በ1949ኙ ሕግ የጠለፈው ሰው ካገባትና እሷም ወድጄ ነው ካለች ክስ አይቀርብበትም ነበር። አዲሱ ሕግ ነው በኋላ መጋባታቸው ከተጠያቂነት አያድንም ያለው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ተጠልፋ፣ ታግታ፣ ሽማግሌ ተልኮባት «ወድጄ ነው» ያለች ልጅ ከዓመታት በኋላ ያን ሰው ብትጎዳው፣ መዝገቡ ላይ «ባለትዳር» ናት። አሥር ጊዜ «ባሏን» ብላችሁ ስትጽፉ የጠለፋውን ዓመት ሰርዛችሁታል።

አበራሽ በቀለን እንኳ የገዳይ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ የሚያስገቧት አሉ። አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ የተጠለፈች ልጅ ናት። ስታመልጥ ተከታትሎ የመጣባትን ጠላፊ ተኩሳ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነጻ አሰናብቷታል። በነጻ የተሰናበተችን ሴት ወንጀለኛ ብሎ መጻፍ ስም ማጥፋት ነው።

የተወለደ ልጇን የገደለች እናትም አለች። ሕጉ ራሱ በምጥ ላይ ሳለች ወይም የምጡ ጫና ሳይለቃት ያደረገችውን ለይቶ ያየዋል፤ ቅጣቱም ቀላል እስራት ነው። የ1949ኙም የ1996ቱም እንዲህ ነው የሚሉት። ሕጉ የለየውን እናንተ «ጨካኟ እናት» በሚል ርእስ አትደባልቁት። ቀላል እስራትና ጽኑ እስራትንም አታምታቱ።

አጫጭሮቹ

ፍርዱን አንብባችሁ አታቁሙ፤ ይግባኙን ፈልጉ። በንጉሡ ዘመን ጉዳዩ ዙፋን ችሎት ደርሶ ሊሆን ይችላል። «ሞት ተፈረደባት» ማለት ተገደለች ማለት አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ካላጸደቁት አይፈጸምም ነበር።

እህል ሰረቀች የሚል ክስ ስታገኙ ዓመቱ 1965 ወይም 1966 ከሆነ፣ ወሎ ውስጥ ያኔ የነበረውን ረሃብ ሳትጽፉ «ሌባ» የሚለውን ቃል አትጻፉ።

የፈረንጅ ዓመት ስትጨምሩ ወሩን እዩ። መስከረም 1967 ማለት 1974 ነው፤ ሚያዝያ 1967 ግን 1975 ነው። የግዕዝ ቁጥር ላይ ፮ እና ፯ን በደንብ ለዩ።

የፖለቲካ ባላንጣን ከወንጀለኛ ጋር አትደርድሩ። የወሎዋን ገዥ ወርቂትን አስቡ። በ1857 ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ሲመጣ ተቀብላ አሳለፈችው። ልጇ ግን መቅደላ እስር ላይ ነበር። ቴዎድሮስ ገደሉት። በቴዎድሮስ ዓይን ከድታለች፤ በምኒልክ በኩል ባለውለታ ናት። ማን እንደሚናገር ሳትጽፉ «ከዳተኛ» አትበሉ።

በሕይወት ያለችውን

ይህን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ስለሚከብደኝ ነው።

ከዓመታት በፊት ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ ጻፍኩ። በልጅነቷ አርግዛ፣ ማንም ሳያውቅላት ወልዳ፣ ሕፃኑ ሞቶ የተከሰሰች ናት። ስሟን ቀየርኩ። ተጠንቅቄያለሁ ብዬ አሰብኩ። ግን የኮምቦልቻ ሰፈሯን እንዳለ ተውኩት። ከእስር ወጥታ መንገድ ዳር ቡና እንደምትሸጥም ጻፍኩ። ሰፈሩ ውስጥ መንገድ ዳር ቡና የምትሸጥ በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት አንድ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ወጣት ልጅ ቤቴ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «እናቴ ይህን ነገር ነግራኝ አታውቅም። ከእርስዎ ነው የሰማሁት» አለች። ሌላ አልተናገረችም። አልሰደበችኝም። እኔ ግን ያን ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ሴትየዋ በሕይወት ልትኖር የምትችልበት መዝገብ ከሆነ ስም ብቻ አልቀይርም። ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ የልጆቿን ቁጥር፣ ዓመቱን አነሳለሁ። ይህን ሁሉ አንስቼ ታሪኩ ባዶ ከሆነ አላወጣውም። ከተቻለ ደግሞ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ እንቢ ካለች በዚያው ያበቃል። «ታሪኩ ግን መታወቅ አለበት» የሚሉኝ አሉ። የታወቀው በማን ኪሳራ እንደሆነ እኔ አይቻለሁ።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ፤ ይቅርታ ልጠይቅ። የቡናውን ቦታ ለቃ ነበር። ቤቷን ጠቁመውኝ አገኘኋት። አስገባችኝ፣ ቡና አፈላች፣ ሦስተኛውን እስክንጠጣ ድረስ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አላወጣችም። ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች። «መጀመሪያው ላይ ሥራ የላትም ብለሻል።»

ከመዝገቡ ገልብጬው ነበር።

ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። «ውኃ እቀዳ ነበር። እፈጭ ነበር። የእመቤቴን ልጆች ሦስቱንም ያዘልኳቸው እኔ ነኝ። ልብስ አጥብ ነበር፤ እስከ ቦርከና ወርጄ። ሌሊት እንጀራ እጋግር ነበር...» አንዱ እጇ አለቀና ወደ ሌላው ዞረች።