ማጣሪያው አልሠራ ሲል፦ ኔቡላና ጅራታም ኮከብ ከከተማ ለሚያዩ

በቀደም አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። «ያ ያልከኝ የብርሃን ብክለት ማጣሪያ ገንዘቤን በላኝ» አለኝ። ቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠመውን፣ የከተማን መብራት ይቀንሳል የሚባለውን መስታወት ማለቱ ነው። ምን እያየህበት ነው ብለው፣ የአንድሮሜዳ ጋላክሲን! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጋላክሲ የከዋክብት ብርሃን ክምችት ነው፤ ሁሉንም ቀለም ይዟል። የዛሬው ነጭ የመንገድ መብራትም እንዲሁ። ማጣሪያው ታዲያ ምኑን ከምኑ ይለየው?

ማጣሪያ ብርሃን አይጨምርም፤ ይቀንሳል እንጂ። የሚጠቅመው የምናየው ነገር የራሱ ቀለም ሲኖረው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመማረራችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ የማየው ነገር የሚያበራው በገዛ ጋዙ ነው ወይስ በተውሶ ብርሃን?

«ብገጥመውም ባወልቀውም ያው ነው»

በኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት ያለው ኤም42 የሚባለው ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በገዛ ጋዙ ያበራል። በቴሌስኮፕ ለዓይናችን የሚደርሰን አብዛኛው ብርሃኑ ከጥቂት መስመሮች፣ ማለትም በጣም ጠባብ ከሆኑ ቀለማት ነው፤ ኦክስጅን በ495.9 እና በ500.7 ናኖሜትር፣ ሃይድሮጅን በ486.1። ዩኤችሲ የሚባለው ማጣሪያ ለእነዚህ በር ከፍቶ ሌላውን ያግዳል። ኤም78 ግን እዚያው ኦሪዮን ውስጥ ሆኖ የሚያበራው የከዋክብትን ብርሃን እያንጸባረቀ ነው። በሰባቱ ከዋክብት ዙሪያ ያለው ጭጋግም እንደዚያው። ለእነዚህ መፍትሄው ማጣሪያውን ኪስ ከቶ ከከተማ መውጣት ነው።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ማጣሪያውን አትግጠሙት። በእጃችሁ ይዛችሁ በዓይናችሁና በአይፒሱ (ዓይን በሚጠጋበት የቴሌስኮፑ ሌንስ) መካከል አስገቡት፣ አውጡት። ከዋክብቱ ደብዝዘው ኔቡላው ጎልቶ ከቀረ ማጣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው። ሁሉም እኩል ከደበዘዘ ብርሃኑ የተውሶ ነው።

አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ዩኤችሲ ይሁን። ኦ-ስሪ የሚባለው የኦክስጅን ማጣሪያ የበለጠ ጠባብ ነው፣ የሚያሳልፈው ቀለም ያነሰ ነው፤ እንደ ኤም57 ላሉ የሞቱ ከዋክብት ቀለበቶችና በሲግነስ ኅብረ ከዋክብት ላለው የቬይል ኔቡላ ድንቅ ነው። የሃይድሮጅኑን ማጣሪያ፣ ኤች-ቤታን፣ ተዉት። የፈረስ ራስ ኔቡላን ጨምሮ ለጥቂት ነገሮች ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ እነሱም ጨለማ ሰማይና ትልቅ ቴሌስኮፕ ይፈልጋሉ።

«ገጠምኩት፣ ሁሉም ጨለመብኝ»

ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማጉላት ነው። ስታጎሉ ብርሃኑ ይሳሳል፤ ማጣሪያው ደግሞ ከዚያው ላይ ይቀንሳል። የአይፒሱን የትኩረት ርዝመት ለቴሌስኮፑ የፎካል ሬሾ (የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት ለፊት መክፈቻው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር ከአይፒሱ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የቴሌስኮፑ ሬሾ 8 ከሆነ የ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጣል፤ ለዩኤችሲ ጥሩ ነው። የ10 ሚሊ ሜትሩ 1.25 ብቻ ይሰጣል፤ ሰማዩ ጥቁር ሰሌዳ ቢሆንባችሁ አይግረማችሁ።

ሁለተኛው ጥፋት የዓይን ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስልካችሁን አንዴ ከከፈታችሁ እንደገና ከዜሮ ጀምሩ። እኔ ጋቢ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ አይፒሱን ከነፊቴ እሸፍነዋለሁ። ጎረቤቶቼ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም፤ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ግን ከየትኛውም ውድ ዕቃ በላይ ያግዳል።

በጥር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኤም42 አዲስ አበባ ላይ ወደ አናታችን ይጠጋል። መጀመሪያ በእሱ ሞክሩት።

«ድሮ ይሠራ ነበር፣ አሁን እንጃ»

ማጣሪያው አላረጀም፤ መብራቱ ተቀየረ። የድሮው ቢጫ የሶዲየም መብራት አብዛኛውን ብርሃኑን በጥቂት ቀለማት፣ በተለይም በቢጫና ብርቱካናማው በኩል ያወጣ ስለነበር ሰፊው ማጣሪያ እንኳን ይቆርጠው ነበር። ነጩ ኤልኢዲ ግን ከሰማያዊ እስከ ቀይ ይዘረጋል፤ የኦክስጅን መስመሮቹ ላይ ሳይቀር ያርፋል። «ሲቲ ላይት» ምናምን ተብለው የሚሸጡት ሰፋፊ ማጣሪያዎች ለዓይን እይታ ዛሬ ብዙም አይረቡም። ጠባቡ ዩኤችሲ አሁንም ይረዳል፣ ግን ተአምር አትጠብቁ።

ትንንሽ ነገሮች፦ ከዋክብት አረንጓዴ ወይም ቀይ ቢመስሉ ጤናማ ነው። በደማቅ ኮከብ ዙሪያ ቀለበት ካያችሁ መስታወቱን ጤዛ ወይም የጣት አሻራ እንዳላበላሸው እዩ። ስትገዙ ደግሞ የአይፒሳችሁን መጠን ለዩ፤ 1.25 ኢንች ነው ወይስ 2? እነዚህ ማጣሪያዎች ለፀሐይ አይሆኑም። በፍጹም። ዓይን ያጠፋሉ።

«ጅራታም ኮከቡ ጠፋብኝ»

እዚህም ጥያቄው ያው ነው፦ ጋዝ ወይስ አቧራ? በጥር 2015 የመጣው ዜድቲኤፍ የሚባለው ጅራታም ኮከብ አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴው የካርቦን ጥንዶች ብርሃን ነው፤ ዋናው ክፍሉ ከ511 እስከ 516 ናኖሜትር አካባቢ ይወድቃል። ኦ-ስሪ ይህን ስለሚቆርጠው ኮከቡን ራሱን ያደበዝዘዋል። ለዚህ «ስዋን» ወይም «ኮሜት» የሚባል ማጣሪያ አለ፤ የሚያጎላው ግን በጅራታም ኮከቡ ጭንቅላት ዙሪያ ያለውን ጭጋግ እንጂ ጅራቱን አይደለም።

በጥቅምት 2017 ከምዕራብ በኩል የታየው ሱቺንሻን-አትላስ ግን ያ ረጅም ጅራቱ አቧራ ነበር። አቧራ የፀሐይን ብርሃን ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለው ሲመጣ ማንኛውም ማጣሪያ እይታውን ይጎዳል። ማጣሪያውን አውልቁ፣ ቢኖኩላር ያዙ፣ ፀሐይ ጠልቃ ብዙም ሳይቆይ ምዕራቡ የተገለጠበት ከፍታ ላይ ውጡ።