ለካምፕ ሌሊት፦ ሙቅ ውሃ በካልሲ

አሜሪካ ኮሌጅ ልትጀምሩ ነው? ክፍል ሳይከፈት ለአዲስ ገቢዎች በሚዘጋጀው የተራራ ጉዞ ከተመዘገባችሁ ይህቺን ያዙ። ኦገስት ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ዳርትመዝ የሚባለው ኮሌጅ ከ1935 ጀምሮ ተማሪዎቹን በሚያወጣበት በኒው ሃምፕሻየር ተራራ ቀን በቲሸርት ተኬዶ ሌሊት ጥርስ ሊንገጫገጭ ይችላል።

ከእራት በኋላ ምድጃው ሳይጠፋ ውሃ አሙቁና ናልጂን የሚሉትን ወፍራም የፕላስቲክ ኮዳ ሙሉት። ክዳኑን ግጥም አድርጉ፤ ገልብጣችሁ ጠብ የሚል ነገር እንደሌለ እዩ። ከዚያ ወፍራም ካልሲ አልብሱትና ከመተኛታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) ውስጥ ክተቱት። ስትገቡ እግር ስር ሳይሆን ጭናችሁ መሃል አድርጉት፤ እዚያ ትልልቅ የደም ስሮች ለቆዳ ስለሚቀርቡ ሙቀቱን ደሙ ራሱ ያዳርሰዋል።

ስሊፒንግ ባግ በራሱ አያሞቅም፣ ያገኘውን ሙቀት ነው የሚይዘው። ውሃ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ጠዋት ያው ውሃ ይጠጣል፤ ካልሲው እርጥብ ከነበረም ደረቅ ይላል።

በሃይላንድ ጠርሙስ ግን እንዳትሞክሩት፣ ተኮማትሮ ያፈሳል። ቴርሞስም አይሆንም፤ ሙቀቱን ለራሱ ነው የሚይዘው። ካልሲውንም አታውልቁ፣ ባዶ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ጋዙ ለምግብ ተመጥኖ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ መሪዎቹን ጠይቁ።

እናታችሁ ጋቢ ካልያዝክ ካልያዝሽ ካሉ፣ ጋቢው ዶርም ውስጥ ይቆይ። ጥጥ አንዴ ከራሰ ተራራ ላይ ብርድ እንጂ ልብስ አይሆንም።