ያልተሟሸ ጀበና ካሜራ ፊት አታቅርቡ

የመጀመሪያ አጭር ፊልማችንን ስንሰራ ጀበናውን የገዛሁት እኔ ነበርኩ። አዲስ፣ ንጹህ፣ አንድም ጭረት የሌለው። ታሪኩ ደግሞ ልጃቸው አረብ አገር ስለሄደችባቸው፣ ሰላሳ ዓመት በአንዲት ጠባብ ቤት ስለኖሩ እናት ነው። ኤዲት ልናደርግ ስንቀመጥ ተዋናይዋ አንጀት የሚበላ ለቅሶ እያለቀሰች እኔ የማየው ጀበናውን ብቻ ሆነ። እኚህ ሴትዮ በሕይወታቸው ቡና አፍልተው የማያውቁ ይመስላሉ! ጀበና እኮ መጀመሪያ ይሟሻል። እኛ እሳት ያላየ ሸክላ ደቅነን ሰላሳ ዓመት ሊያስመስልልን ጠበቅን።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፕስ፣ ማለትም ትዕይንቱ ውስጥ የሚታዩትን እቃዎች፣ ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ እቃ በዚህ ሰው እጅ ተሟሽቷል ወይ?

ስክሪፕቱን ስታነቡ "ድሃ ነው"፣ "ሀብታም ነው" ብላችሁ አትጀምሩ። እሱ የሚወስዳችሁ ወደ ተቀደደ ፍራሽና ወደ ትልቅ ቲቪ ነው፤ እሱን ደግሞ ስንቴ አየነው። ይልቅ ሰውየው መጣል አቅቶት ያስቀመጠው ምንድን ነው በሉ። የቆመ ሰዓት? ቴፑ ተሰብሮ ካሴቱ ብቻ የቀረ? ልጅቷ ከቤሩት የላከችው፣ ላስቲኩ እንኳን ያልተቀደደ ብርድ ልብስ? እናትየው በሳሳች ጋቢ ተጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ ብርድ ልብሱ ቁም ሳጥን ላይ እንደታሸገ ካየን፣ ስለ ናፍቆታቸው ከተጻፈው ዲያሎግ ግማሹን ሰርዙት። እኔ ብሆን ሙሉውን እሰርዘው ነበር።

ግን እቃው ተቀምጦ ብቻ እንዳይቀር። ሰው የሚነካው ነገር ይበልጣል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን እቃዎች ከቀረጻው አንድ ሳምንት በፊት ለተዋናዩ ስጡት። ቦርሳውን ይያዘው፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይክተተው፣ መነጽሩን ይልመደው። በቀረጻው ቀን ዚፑ የቱ ጋ እንደሚይዝ እጁ ያውቀዋል፣ እናንተም "ተፈጥሯዊ ሁን" እያላችሁ አትደክሙም።

ስሜት መፍጠር ላይ ደግሞ ቤታችን ያለው ነገር ሞልቷል። እርጥብ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል ዛሬ በዓል ነው ይላል፤ ጠውልጎ ጥግ የተገፋ ቄጤማ ግን እንግዳው እንደሄደና ቤቱ ጭር እንዳለ ይናገራል፣ ያውም ማንም ሳይተነፍስ። ቡናውም እንደዛው። አቦል ላይ ብድግ ብሎ የወጣ እንግዳና በረካ ድረስ የተቀመጠ እንግዳ አንድ አይደሉም። ከተቀዱት ሲኒዎች አንዷ የሚያነሳት ጠፍቶ ስትቀዘቅዝ ካሳያችሁ፣ ማን እንደጎደለ ተመልካቹ ራሱ ይጠይቃል። ዕጣኑን ከኋላ መብራት ስጡት፣ አለዚያ ጭሱ ካሜራ ላይ በደንብ አይታይም።

ቀለም ተጠንቀቁ። የሐዘን ትዕይንት ላይ ከበስተኋላ ያለች አንዲት ቀይ ሳፋ ዓይን ሁሉ ወደ ራሷ ትጠራለች። አውጧት። በጥቅሉ ግድግዳው ሲሞላ ቤቱ ሱቅ ይመስላል፣ ስለዚህ ካስገባችሁት አንድ ሦስተኛውን መልሳችሁ ብታወጡ አይቆጫችሁም።

ዘመኑን የሚያፋልሱት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የደርግ ዘመን ታሪክ ውስጥ ሞባይል እንደማይገባ ሁሉም ያውቃል፤ ሰው የሚሸወደው ብሩ ላይ ነው። የ200 ብር ኖት የወጣው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ነው፣ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችም የተቀየሩት ያኔ ነው። ታሪኩ ከዚያ በፊት ከሆነ የዘመኑን ኖት ፈልጉ፣ ካጣችሁ ተዋናዩ ብሩን በእጁ ጨብጦ ይስጥ። የግድግዳ ካሌንደርም አለላችሁ። ትዕይንቱ ሰኔ ላይ ሆኖ ካሌንደሩ ጥር ላይ ከቆመ ስህተት ነው፤ ልጅቷ የሄደችው በጥር ከሆነ ግን እንዳትነኩት።

እቃ ከየት? መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ዞር ዞር በሉ፣ ያገለገለ ነገር እዚያ አይጠፋም። የለቅሶ ትዕይንት ካላችሁ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር እድር አለው፤ ኃላፊዎቹን በአክብሮት አነጋግሩ፣ የኪራዩንም ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የሰው ቤት ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው እቃ ተሟሽቶ የተቀመጠ ነው። ስትዋሱ እዚያው ፎቶ አንሱት፤ ስትመልሱ ጭቅጭቅ አይኖርም። የሚሰበር እቃ ከሆነ ተመሳሳዩን ሦስት አዘጋጁ። የውሸት ሽጉጥ ካለ ደግሞ ለፖሊስና ለሰፈሩ ሰው ሳታሳውቁ ወደ ደጅ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

በየሾቱ መሃል ስልክ አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ፦ ሲኒው ምን ያህል ጎድሏል፣ ከሰሉ ምን ያህል ነዷል፣ ፈንድሻው የት ደርሷል። ፈንድሻ ላይ በተለይ ቡድኑ ራሱ ጠላት ነው፣ በእረፍት ሰዓት ጨርሰውት ታገኛላችሁ።

ያንን ትዕይንት እንደገና ስንቀርጽ ጀበናውን ከጎረቤታችን ከእማማ ተዋስኩ። ጥላሸቱ፣ ውታፉ፣ እጀታው ላይ ያለው የጣት ወዝ፣ ሁሉም ልክ ነበር። ስመልሰው ግን አፉ ትንሽ ተሸርፏል። አሁን ረከቦትም ሲኒም ስጠይቅ "ውሰድ ልጄ" ይሉኛል፤ ጀበናውን ግን ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ ነው አንስተው ጓዳ የሚያስገቡት።