የወደቀ የጦርነት ዘመን ተዋጊ አውሮፕላን መልሶ ለማብረር፦ ችግርና መፍትሄ

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲዘልቁ፣ ጣልያን በምስራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ ከሚመካባቸው ተዋጊዎች አንዱ ፊያት ሲአር 42 ነበር። ድርብ ክንፍ ያለው፣ ጎማው የማይታጠፍ፣ ግማሽ አካሉ ጨርቅ የለበሰ አውሮፕላን ነው። ይህን ጽሑፍ በእሱ መነሻነት ነው የምጽፈው። አብዛኛው ነገር ለሌሎቹም ይሠራል።

«አያቶቻችን ላይ የተኮሰ አውሮፕላን ለምን ይጠገናል?» የሚል አለ። እኔ ይጠገን ባይ ነኝ። የጎጃም አርበኛ ከላይ ምን ይወርድበት እንደነበር ልጆቻችን ድምፁን ሰምተው ይወቁት። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝልኝ። ሰማንያ ዓመት መሬት ውስጥ የቆየን ብረት የሚጨርሰው ዝገቱ ብቻ አይደለም፤ የቸኮለ እጅም ነው።

ሲቆፈር ጥይት አብሮ ወጣ

ሲአር 42 አፍንጫው ላይ 12.7 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ብሬዳ መትረየሶች ነበሩት። ጥይቱ አርጅቷል ብሎ መነካካት የለም። ሰው ይራቅ፣ ፖሊስ ይጠራ።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጌጆቹን ነው። የዚያን ዘመን ጌጆች ቁጥራቸው በጨለማ እንዲታይ በራዲየም ቀለም ይጻፍ ነበር። ቀለሙ ዛሬ አያበራም፣ ቡናማ ሆኗል። ጨረሩ ግን አለ። ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አትፍቱት፣ አትፋቁት፣ ቤት ውስጥም አታስቀምጡት።

ስብርባሪው ምን እንደሆነ አልታወቅ አለ

መንስኤው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። አንዱ በሽቦ ብሩሽ ይፈትገዋል፣ ሌላው ላሜራውን ለቁራሌው ይሸጣል። የአውሮፕላን መታወቂያው ትንሽ የብረት ሰሌዳ፣ ክፍሉ ላይ የተመታ ቁጥርና ከጭቃው ስር የቀረ ቀለም ነው። እነዚህ ከጠፉ በኋላ የሚሠራው አውሮፕላን ቅጂ ይሆናል እንጂ ያው አውሮፕላን አይሆንም።

መፍትሄው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ከመነሳቱ በፊት በተኛበት ፎቶ አንሱት፣ ቁጥር ስጡት። በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ እጠቡት። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝምም ተናገሩ፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ የተገኘ ቅርስ አይደበቅም።

አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት አወጣ፣ ጠርዙ አበጠ

ይህ ተራ አልሙኒየም አይደለም። ጥንካሬ እንዲኖረው መዳብ ተደባልቆበታል፣ ዱራሉሚን ነው። መዳቡ የሰጠው ጥንካሬ በእርጥበት ዋጋ ያስከፍላል። ዝገቱ ከላይ አይቆምም፣ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል እየሰረገ ይገባል። ከዚያ ላሜራው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብር በንብርብር ይነሳል።

እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ ይሻላል። ያበጠ ላሜራ ለበረራ አይድንም። ብየዳም አያዋጣም፤ ሙቀቱ የነበረውን ጥንካሬ ይገድለዋል። አሮጌውን ለቅርጽ መለኪያ ያዙት፣ አዲሱን 2024 ከሚባለው የአልሙኒየም ዓይነት ቁረጡ። ጥሩ ላሜራ ሠሪ እዚህ ቦታ ዋጋው ወርቅ ነው፤ ባህር ዳርና ደብረ ማርቆስ ደግሞ እጃቸው የተባረከ አሉ። ሪቬቱ (ላሜራውን የሚያያይዘው ተመትቶ የሚጠፈጠፍ ምስማር) ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ2024 የተሠራ ሪቬት በምድጃ ሞቆ፣ በውሃ ቀዝቅዞ፣ እስኪመታ ድረስ ፍሪዘር ውስጥ ነው የሚቆየው። ውጭ ከዋለ ይጠነክርና ሲመታ ይሰነጠቃል።

የቱቦው አጥንት ከውጭ ደህና ይመስላል

የሲአር 42 አካል የተበየደ የብረት ቱቦ ነው። ችግሩ ውስጡ ነው። በስንጥቅ የገባ ውሃ ወደ ታችኛው መጋጠሚያ ወርዶ ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላዋል። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉት። ጤነኛው ይጮሃል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። በጆሮ ብቻ ግን አይፈረድም፤ ውፍረቱ በአልትራሳውንድ መለካት አለበት።

የተበላው ተቆርጦ 4130 በሚባለው የክሮም ሞሊብዲነም ብረት ቱቦ ይተካል። ለግቢ በር የሚሆነው ቱቦላሬ እዚህ አይገባም። ከብየዳው በኋላ ቱቦው ውስጥ የሞቀ የተልባ ዘይት ይፈስሳል፣ ይገላበጣል፣ የተረፈው ይንጠፈጠፋል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። የተልባ ዘይት በአየር ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ የድሮ የአውሮፕላን ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበት ነበር። ተልባ አገራችን ሞልቷል። ግን ከመጭመቂያ የመጣው ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ይዘገያል፣ ለቀለም ሥራ የተዘጋጀው ይሻላል። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉ፤ በራሱ ሞቆ እሳት ያነሳል።

ፕሮፔለሩ ዞሮ ዞሮ ድንገት ቀጥ አለ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ እንቆይ።

መጀመሪያ ስለ ሞተሩ። ፊያት ኤ 74 አሥራ አራት ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ በክብ የተደረደሩበት፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 840 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። መሬት ተቀብሮ የወጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ ለመለዋወጫ እንኳ አይበቃም፤ ከሌላ የተገኘ ሞተር ይታደሳል። አሁን የምለው ስለታደሰው ነው።

ሞተሩ ክብ ስለሆነ ጥቂት ሲሊንደሮች ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቋል። ቆሞ ሲያድር ዘይት በፒስተን ቀለበቶች አልፎ እዚያ ይጠራቀማል። ፒስተኑ ሊጨምቅ ሲመጣ ዘይት ያገኛል። ዘይት ደግሞ አይጨመቅም። በእጅ ስታዞሩት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ «ጨምር፣ ግፋው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከተገፋ ወይም በማስነሻ ከተሞከረ ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ይጣመማል። የተጣመመ ቢየላ ያኔውኑ አይሰበርም። ሞተሩ ይነሳል፣ ደህና ይሠራል፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ አየር ላይ ይበጠሳል።

መፍትሄው ይኸው። ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም፣ ካልጠፋ በእጅ ሲዞር ብቻ ሞተሩን አስነስቶ ሰው ይመታል። የታችኞቹን ካንዴላዎች ፍቱ፣ ከስር ባልዲ አድርጉ። ዘይቱ መጀመሪያ ይፈስሳል፣ ከዚያ በጠብታ ይቀራል። ጠብታውም እስኪቆም ጠብቁ። ከዚያ ፕሮፔለሩን በራሱ አቅጣጫ ብዙ ዙር በእጅ አዙሩት። ወደ ኋላ በፍጹም አይዞርም። ወደ ኋላ ከዞረ ዘይቱ ወደ መሳቢያው ቱቦ ይሸሽና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። ከዚህ በፊት በኃይል ተገፍቶ እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ሲሊንደሩ ወርዶ ቢየላው ይለካ።

ብልጭታው ከደከመ የማግኔቶው የሽቦ ጥቅል ሽፋን አርጅቷል፣ ወይም ማግኔቱ ጉልበቱ ወርዷል። ጥቅሉ እንደገና ይጠቀለላል፣ ማግኔቱም እንደገና ይሞላል።

ጨርቁ ላይ የተቀባው ወተት መሰለ

ጨርቁን የሚወጥረው ዶፕ የሚባለው ቅብ ነው። ቅቡ ሲደርቅ ይቀዘቅዛል፣ የክረምት አየር ላይ ያለው እርጥበትም እላዩ ላይ ይጤዛል። ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ እንዲህ የሆነ ቅብ ደካማ ነው። ጎጃም ውስጥ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህን ሥራ ባትጀምሩት ይመረጣል። ከጥቅምት በኋላ በደረቅ ቀን ቀቡ። ነጭ የሆነው ደግሞ ሲደርቅ በስሱ፣ መድረቁን በሚያዘገይ ማቅጠኛ እንደገና ይቀባል። ዶፕ እሳት ይወዳል፤ ሲጋራም ከሰልም ከአጠገቡ ይራቅ። የብር ቀለም ያለው ሽፋን አይቅር፤ ጨርቁን ከፀሐይ የሚያድነው ውስጡ ያለው የአልሙኒየም ዱቄት ነው።

ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ አውሮፕላኑ ግን ከመሬት አልነሳ አለ

ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባህር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሞተሩ ሙሉ ስም አርሲ 38 ይላል። 38ቱ የአየር መጭመቂያው እስከ 3,800 ሜትር ሞተሩን ሙሉ ጉልበቱን እንዲይዝ ያደርገዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ክንፉና ፕሮፔለሩ የሚይዙት አየር ነው ያነሰው። ጋዙን ከተፈቀደው የግፊት ልክ በላይ መክፈት ደግሞ ሲሊንደር ያስፈነዳል እንጂ አውሮፕላን አያነሳም።

ክንፉ ለመነሳት የሚፈልገው ፍጥነት ጌጁ ላይ ያው ነው፣ በመሬት ላይ ግን ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ፓይለቱ መሬቱ ሲፈጥንበት «ደርሻለሁ» ብሎ ቀድሞ እንዳይስብ። ጌጁን ይመን። የሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው በረራ ማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ፣ በረጅሙ የባህር ዳር ማኮብኮቢያ ይሁን፤ ከደብረ ማርቆስ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ታንኩ ሙሉ አይሁን። የሚቀዳው የአውሮፕላን ቤንዚን ነው። የጄት ነዳጅ የነጭ ጋዝ ዘመድ ስለሆነ በዚህ ሞተር ውስጥ ፒስተን ይበሳል፤ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ከታንኩ ስር በብርጭቆ ቅዱና ቀለሙንና ሽታውን እዩ።