«ፖምፓው ነው» ከማለታችሁ በፊት

የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ አይሱዙ ደሴ ገብቶ ለምሳ ይቆማል። ሹፌሩ በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሲመለስ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፤ ሞተሩ ግን እምቢ ይላል። ያኔ በዙሪያው የቆመው ሁሉ ባለሙያ ነው። «ፖምፓው ነው!» ይላል አንዱ፤ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ማለቱ ነው። «አብሽር፣ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ» ይላል ሌላው።

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አንዴ ይህን ምክር ሰምቼ ፖምፓ አስወርጄ፣ አስጠግኜ፣ ከፍዬ ስወጣ መኪናዋ ኮምቦልቻ ሳትደርስ ቆማብኛለች። ጥፋቱ የሰልባትዮው (የነዳጅ ጋኑ) ክዳን ነበር። መተንፈሻ ቀዳዳው በጭቃ ተደፍኖ ነዳጁ ሲጎድል አየር አይተካም። ናፍጣው መምጣት ያቆማል። ከዚያ ወዲህ ፖምፓን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው የድሮውን ሜካኒካል ፖምፓ ይመለከታል። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኮመን ሬል ሞተር ከሆነ ቱቦውን አትንኩ። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይሄዳል፤ ምርመራውም በመሣሪያ ነው።

መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱ። አየር ስቦ «ፉት» ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ቀጥሎ ከፊልትሮው (ከናፍጣ ማጣሪያው) ስር ያለውን ውሃ አውጡ፤ ከቆየ ፊልትሮውን ቀይሩት። የሞተር ማጥፊያው ዘንግ ወደ ቦታው መመለሱንም እዩ፤ ተቀርቅሮ ቀርቶ ስንቱን አስጨንቋል።

አሁን አንድ ሰው ሞተሪኖ ይምታ፣ እናንተ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ተመልከቱ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣ እየደረሰ ነው፤ አልተቃጠለም እንጂ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው መንገድ ላይ ቀርቷል። ጥቁር ጭስን ግን ቶሎ በፖምፓ አታሳብቡ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። አየሩ ይሳሳል፣ ያው ናፍጣ በአነስተኛ አየር ይቃጠላል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ደግሞ ይብሳል።

ናፍጣው ካልደረሰ የጀሪካን ሙከራ አድርጉ። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጋለ ነገር አርቃችሁ ስቀሉ። ከሰልባትዮ የሚመጣውን ቱቦ ፈትታችሁ በምትኩ ከጀሪካኑ የሚመጣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ግጠሙ። በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጡ። ሞተሩ ተነስቶ ዳገት ላይ ጉልበት ካገኘ ችግሩ ከኋላ ነው፤ ሰልባትዮው፣ ቱቦው ወይም ማሰሪያው። በቱቦው ውስጥ አረፋ መምጣቱን ካላቆመ አየር የሚስብ ቦታ አለ።

ሞተሩ ተነስቶ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ተዉት። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጨው ኖዝል የሚገቡትን ቱቦዎች ዳዶ (ማሰሪያ) አንድ በአንድ በግማሽ ዙር ላሉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ድምፁ የማይለወጥበት ሲሊንደር ያ ነው የማይሠራው። የእሱን ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ። ጥፋቱ ከኖዝሉ ጋር ከሄደ ፖምፓው ነጻ ነው። እዚያው ከቀረ ፖምፓው ወይም ራሱ ሞተሩ ነው። መነጽር አድርጉ፤ እጃችሁን ከሚረጨው ናፍጣ አርቁ። ቆዳ በስቶ ይገባል። ከገባ ባያምም እንኳ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው።

ወደ ምሳው መኪና እንመለስ። ጠዋት በደሴ ብርድ የሚነሳ፣ ሲሞቅ ግን የማይነሳ ሞተር ፖምፓን በእርግጥ ያስጠረጥራል። በፖምፓው ውስጥ ናፍጣውን የሚገፉት ዘንጎችና ቤታቸው መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር ሺኛ የሚለካ ነው። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይፍቃቸዋል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተፋቀው በኩል ይሾልካል። ሞተሪኖው ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚያዞር ግፊት አይሞላም። ለማረጋገጥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጠቅልላችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ከተነሳ ፖምፓው አልቋል። ውሃ አታፍስሱበት፤ በድንገት ከቀዘቀዘ ሊነክስ (ሊጣበቅ) ይችላል። ይህ በሽታ ደሴ ላይ ወራት ይደበቃል። ቁልቁለት የማይጠፋበት አገር ነውና ሹፌሩ አፋፍ ላይ አቁሞ በማርሽ ያስነሳል፤ ከተነሳች ደግሞ ደህና ትሄዳለች።

የሞተር ዘይቱንም ለኩ። ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ የፖምፓው ጎሚኒ (ፍሳሽ የሚከለክለው ላስቲክ) ናፍጣ እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ጭነት አይጫንም።

ማውረድ ግድ ከሆነ ፖምፓውና ሞተሩ የሚገናኙበት ላይ በስለት መስመር አስምሩ፤ ሲመለስ ሰዓቱ (ናፍጣ የሚረጭበት ቅጽበት) እንዳይዛባ። የቱቦ አፎችን በንጹሕ ላስቲክ ሸፍኑ፤ ጨርቅ ክሩን ይጥላል። ባለሙያው በመሞከሪያው ላይ ሲያስነሳው እዚያው ቁሙ፤ ከእያንዳንዱ ቱቦ የሚወርደው ናፍጣ እኩል መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። የተቀየረውን ዕቃ ተቀበሉ። ፊልትሮው ውስጥ የብረት ብናኝ ካገኛችሁ ደግሞ አዲሱ ፖምፓ ሳይገጠም በፊት ሰልባትዮው ወርዶ ይታጠብ።